ከኪስ የማይወጣው ቁልፍ

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የዘር ምርምር ተቋሙ ዳይሬክተር የቀዝቃዛውን ክፍል በር በቁልፋቸው ከፈቱ፣ መብራቱን አበሩ፣ ከዚያ እስከ ዋናው በር የተሰማ ጩኸት ጮኹ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት የያዘው የብርጭቆ ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ የለም።

ዕቃው ውስጥ የነበረው አራት መቶ ፍሬ ባቄላ ነው። እንዲያው ባቄላ ግን አይደለም፤ ዋግ የማይነካው፣ ዝናብ ሲያጥር የማይደነግጥ፣ ከዚያ ክፍል በስተቀር የትም የማይገኝ ዘር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ተጠርቶ በይፋ ሊታወጅ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ከረዳቷ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ መጀመሪያ በሩ ሥር በርከክ አለች። አልተፈለቀቀም፤ አልተጫረም። አዲስ ሰረገላ ቁልፍ ነው።

«ከተገጠመ ሦስት ሳምንቱ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። ረጅም፣ በድንጋጤ ውስጥ እንኳ ክራባታቸው ያልተዛነፈ ሰው ናቸው። «ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ቢሮዬ ካዝና ውስጥ፣ በታሸገ ፖስታ። ሌላው ይኼው። ከኪሴ አይወጣም።»

«ፖስታው?»

«እንደታሸገ ነው፤ አሁን አየሁት።»

«ታዲያ ማን ከፈተው ይላሉ?»

«የሠራው ነዋ! ሁለት የቀረጸ ሰው ለራሱ ሦስተኛ መቅረጽ ያቅተዋል? ከግቢዬ ሰው ግን አይነካም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛዬ እምላለሁ።»

ግድግዳው ላይ የክፍሉን ቅዝቃዜ ቀንና ሌሊት በቀጭን ሰማያዊ መስመር የሚስል መሣሪያ አለ። ሳጅኑ ወረቀቱን አውጥቶ ብርሃን ላይ ያዘው። ሐሙስ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መስመሩ እንደ እሾህ ብድግ ብሎ ተመልሷል።

«አራት ደቂቃ ተከፍቷል» አለ።

በዚያ ሰዓት ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስምንት ሰው ይመሰክርላቸዋል። የዋናው በር ዘበኛ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ወሬ ይዞ መጣ።

«ይኼን የገጠመውን ቁልፍ ሠሪ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ግድም እዚሁ ማዶ አይቼዋለሁ። ግድግዳውን በእጁ እየነካ፣ ጥግ ጥጉን ነበር የሚሄደው። ልቤ ያኔውኑ ጠርጥሮ ነበር።»

«ልብህ ጠርጥሮ አፍህ የት ሄዶ ነበር?» አለ ሳጅኑ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ኢንስፔክተሯ ሰውየው ወደሚሠራበት ቁልፍ ቤት ደወለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባለቤቲቱ ራሳቸው ሠራተኛውን ይዘው መጡ። ስድሳን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ የሥራ ሽርጣቸውን እንኳ ያላወለቁ ሴት ናቸው። ከባላቸው የተረከቡትን አንድ ክፍል ሱቅ ባንክና ሆስፒታል የሚተማመንበት ቤት አድርገውታል። ሠራተኞቻቸው «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ከተማውም ተከትሎ እትዬ ይላቸዋል። ቁልፍ ሠሪው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው።

በሩን አልፈው ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመዱ ዳይሬክተሩ በተሰበሰበው ሠራተኛ ፊት ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይኼው ሌባው መጣ!»

ቁልፍ ሠሪው በድን ሆኖ ቆመ። እትዬ ክንዱን ይዘው አራመዱት።

«ስም ለማውጣት አይቸኩሉ ጌታዬ» አሉ። «ያወጡት ስም አልወርድ ሲል ይቸገራሉ።»

*

ጣቢያ ውስጥ ኢንስፔክተሯ ለቁልፍ ሠሪው ውሃ ቀዳችለት።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ጋ።»

«የትኛው ሐኪም?»

የሸሚዙን እጅጌ ማጠፍ ጀመረ።

«ከተቋሙ ማዶ ምን ያደርጉ ነበር?»

«በዚያ አለፍኩ። ወይዘሮ፣ እኔ የሰው በር ከፍቼ አላውቅም...» አለና ያለው ነገር ራሱንም አስገረመው። «ማለቴ፣ ባለቤቱ ሳይጠራኝ።»

እጁን ወደ ውሃው ሰደደ። ጣቶቹ መጀመሪያ የጠረጴዛውን ጠርዝ አገኙ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እየዳበሱ ብርጭቆው ላይ ደረሱ። ኢንስፔክተሯ አየችው፤ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አለ ሳጅኑ ኮሪደር ላይ። «ጥርሱን አይተሽዋል? ከኔ ጥርስ ይሻላል።»

እትዬ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ አንድ ወፍራም መዝገብ አለ።

«አልሰረቀም ሊሉኝ ነው የመጡት?» አለቻቸው ኢንስፔክተሯ።

«አይደለም ልጄ። መስረቅ አለመስረቁን አላውቅም፤ እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ የመጣሁት ሠራተኛዬ ነው ልልሽ ነው። እዚያ በር የላክሁት እኔ ነኝ።» መዝገቡን አቀበሏት። «የቁልፉ ቁጥር፣ ማን እንደቀረጸው፣ መቼ እንደተረከቡት እዚህ አለ። ሱቄን መፈተሽ ካሻሽ በሩ ክፍት ነው። እሱን ስትጠይቂው ግን ሰው እንዳለው እያወቅሽ ጠይቂው።»

«ዋሽቶኛል።»

«እኔንም ዋሽቶኛል። ጥርሴን ብሎ ነው ፈቃድ የወሰደው።» አንገታቸውን ደፉ። «ለምን እንደዋሸኝ ማወቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ በጥርጣሬ ብቻ ልታቆየው አልፈለገችም። ከከተማ እንዳይወጣ አስፈርማ ከእትዬ ጋር ሰደደችው። ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ በስልክ ጮኹባት፤ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

*

ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ዘር ነጋዴ ስም ብቅ አለ። ባለፈው ወር «ጥቂት ፍሬ ስጡኝ» እያለ ሁለት ጊዜ ተቋሙ ተመላልሷል። ሳጅኑ ተስፋ አድርጎ ሄደ፤ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። ነጋዴው ከማክሰኞ ጀምሮ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

«እግሩ በገመድ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ» አለ። «ያንን እግር ይዞ የሰረቀ እንደሆነ ልሸልመው።»

ኢንስፔክተሯ አንድ ልማድ አላት። ሰውን የት እንደነበረ ከመጠየቋ በፊት ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች። ሰው ስለ ሥራው ሲያወራ መዋሸት ይረሳል ትላለች። የተቋሙን ሠራተኞች በዚህ ዓይነት አንድ በአንድ ስታነጋግር ከግሪን ሃውሶቹ አለቃ ጋር ብዙ ቆየች። ሠራተኛው «ንቡ» ይለዋል፤ ቀጭን ብሩሽ ይዞ ከአበባ አበባ እየዞረ አንዱን ባቄላ ከሌላው የሚያዳቅለው እሱ ስለሆነ ነው።

«ሁሉንም በእጅ?» አለችው።

«ሁሉንም። እውነተኛ ንብ ባስገባ ማንን ከማን እንዳገናኘች አትነግረኝም። እኔ ግን የእያንዳንዷን እናትና አባት አውቃለሁ፤ እስከ ቅድመ አያት ልቁጠርልሽ?» ሳቀ። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አፈር የገባባቸው ጥፍሮቹ አበባዋን ሲነኩ ግን ሕፃን የሚያባብሉ ይመስላሉ። «ጠዋት ብቻ ነው ታዲያ። ከሦስት ሰዓት በፊት። ሙቀቱ ከገባ በኋላ መንካት አበባዋን በከንቱ ማድከም ነው። ይኼን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለሌላ ሰው አምስት ይፈጅ ነበር።»

«ሐሙስ ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል ግድምስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብሩሼን ይዤ፣ ከአበቦቼ ጋር። ብቻዬን ነበርኩ።»

ጻፈችው፤ አመስግናው ወጣች።

*

ከሰዓት በኋላ ከበሩ የተነቀለውን ቁልፍ ከዳይሬክተሩ መክፈቻ ጋር ይዛ ከሳጅኑ ጋር ቁልፍ ቤቱ ሄደች። አሻራና ፎቶ ቀድሞ ተነስቷል። ስትገባ የእትዬ ልጅ፣ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ወረቀት ይዞ እናቱ ፊት ቆሟል።

«እማዬ፣ ሆስፒታሉ ውሉን አቁሟል። ባንኩም ደውሏል። ይኼን ደብዳቤ ፈርሚልኝ። አሰናብተነዋል ካልን ቢያንስ ስማችን ይተርፋል።»

«ምን አጥፍቶ ተሰናበተ ይላል?»

«‹በተጠረጠረበት ምክንያት› ይላል።»

«እኔ በተጠረጠረ አልሸኝም፤ ባጠፋ እሸኛለሁ። ስሜ ደግሞ በሩ ላይ የተጻፈው ብቻ እንዳይመስልህ። አስቀምጠው።» ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። «ደንበኛ ቤት እንዳይሄድ አድርጌዋለሁ፤ ይኼ ለደንበኛው ይገባዋል። ከመቀመጫው ግን ማንም አያነሳውም፤ ይኼ ደግሞ ለእሱ ይገባዋል።»

ቁልፍ ሠሪው ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛው ቀና አላለም።

እትዬ ነጭ ወረቀት አንጥፈው የበሩን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ፈቱ። ከሆዱ ውስጥ እንደ በርበሬ ዱቄት የደቀቀ ቢጫ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ረገፈ።

«ናስ ነው» አሉ። «የኛ መክፈቻ ነጭ ብረት ነው፤ ቢጫ አያራግፍም። አንድ ሰው በእጅ ሞረድ የተቀረጸ የናስ ቁልፍ ከቶበታል።» መክፈቻውን አገላብጠው አዩት። «ከየት እንደተቀዳ ዓይኔ አይለይም። ጣቱ ግን ይለያል። ይፈቀዳል?»

«እኔ እያየሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ቁልፍ ሠሪው መክፈቻውን ተቀበለ። አላየውም፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«ሳሙና ነው። ሥሩ ላይ ደርቋል። ሳሙና ላይ ተጭነው ቅርጹን ወስደውታል።»

ኢንስፔክተሯ ብርሃን ላይ ያዘችው፤ ምንም አልታያትም። በመርፌ ስትፍቀው ነጭ ቅርፊት ተነሳ።

«ራሱን ነጻ ሊያወጣ ራሱ ቀብቶት ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ሲቀባው አየህ? ደግሞስ ልጄ፣ የዚህ ቁልፍ ቁጥር መዝገቤ ላይ ሰፍሯል» አሉ እትዬ። «እሱ ሌላ ቢያሻው እዚያ ማሽን ላይ ሁለት ደቂቃ ነው። ቁጥሩ እጁ ላይ ያለ ሰው ሳሙና ምን ይሠራለታል?»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ።

ቁልፍ ሠሪው ወደ ጠረጴዛው ሊመለስ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ቅድም የገፋው ዱካ መሐል ቆሟል። ቁልፍ ሠሪው በቀጥታ ሄዶ ተደነቃቀፈበት፤ በሁለት እጁ ግድግዳ ይዞ ተረፈ። ኢንስፔክተሯ ትናንት ያየችው አሁን ገባት።

«ውሃውን ዳብሰው ነው ያነሱት» አለች ቀስ ብላ። «ከተቋሙ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፣ የዓይን ሐኪም ቤት አለ።»

«እትዬ ባሉበት አይጠይቁኝ። ብታስሩኝ ይሻለኛል።»

«ተናገር» አሉ እትዬ።

«ጎን ጎኑ ጠፍቶብኛል እትዬ። ዓመት አለፈው። የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ጠብቀው አሉኝ። ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አሥር እዚያ ነበርኩ። መድኃኒት ጠብ አድርገውብኝ፣ ጭራሽ ሳይታየኝ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«የማያይ ቁልፍ ሠሪ ማን ያሠራል ብዬ።»

እትዬ ዱካውን አንስተው አጠገቡ አደረጉና ተቀመጡበት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «ሌባ ከመባል ይልቅ እኔን ፈራህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጥፋተኛ ተገኝቷል፤ እኔ ነኝ። ሌባ የሚመልስ ቁልፍ ስሠራ ኖሬ ለሠራተኛዬ የሚሆን በር ሳልሠራ ቀረሁ።» መክፈቻውን ከጠረጴዛው አነሱት። «ይኼንን አሁን ማን አነበበው? ሦስት ባለ ዓይን ያላየውን አንተ አይደለህ? ከእንግዲህ የአንተ ጣት ሳያልፍበት ከዚህ ቤት የሚወጣ ቁልፍ የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አራት አድርጎ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

*

ሰኞ ጠዋት ሳጅኑ ከዓይን ሐኪም ቤቱ ማረጋገጫውን ይዞ ሲመጣ ኢንስፔክተሯ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀምጣ ነበር።

«ቁልፉ ከኪስዎ አይወጣም ብለዋል።»

«አይወጣም!»

«ኪሱስ? ከእርስዎ አይወጣም?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ኮትዎን የት የት ያወልቃሉ?»

ዳይሬክተሩ የኮታቸውን ኪስ ዳሰሱ። «ግሪን ሃውስ ስገባ... በሽታ እንዳናስገባ ሁላችንም መቀየሪያው ክፍል ኮት አውልቀን ጋዋን እንለብሳለን። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ያህል።»

መቀየሪያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የኮት ማንጠልጠያ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። መታጠቢያው ላይ ያለው የልብስ ሳሙና ግማሹ በቢላዋ ተቆርጦ ተወስዷል። የዚህ ክፍል ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ንቡና ሁለት ሴት ሠራተኞች። ሴቶቹ ሐሙስ ከሰዓት በሙሉ በዘበኛው ዓይን ሥር የችግኝ ዕቃ ሲያጥቡ ነበር። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች፤ ቅዳሜ የጻፈችውን አንዴ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ባቄላ ከሰዓት በኋላ ይዳቀላል?»

«በዚያ ሙቀት? በጭራሽ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ንቡ ቢሰማዎት ይስቅብዎታል።»

ንቡ ሦስተኛው ግሪን ሃውስ ውስጥ ነበር። ሲገቡ አላፈረም፣ አልደነገጠም፤ ብሩሹን ጠርጎ የደረት ኪሱ ውስጥ አስቀመጠ።

«ሐሙስ ዘጠኝ ተኩል ብሩሽ ይዤ ከአበቦቼ ጋር ነበርኩ ብለውኛል» አለች ኢንስፔክተሯ።

አበቦቹን አያቸው። «መዋሸቴ ካልቀረ» አለ፣ «አበባ ላይ መዋሸት አልነበረብኝም።»

በርከክ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን አሸዋ በእጁ ገለጠ። የሸክላ ማሰሮ ተቀብሯል። ማሰሮው ውስጥ የብርጭቆው ዕቃ አለ፤ ዙሪያውን እርጥበት የሚመጥ አመድ በጨርቅ ተቋጥሮ ተደርድሯል፣ አጠገቡ ትንሽ የሙቀት መለኪያ። በጨርቅ የተጠቀለለ የናስ ቁልፍም አብሮ ወጣ።

«ከግቢው አልወጣችም። አንዲትም ፍሬ አልሞተችም» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር።

«ለምን?»

«ለሚታወጀው ቀን በተዘጋጀው ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ስም አለ። ሹፌሩ እንኳ አለ። እኔ የለሁም። ይባስ ብሎ በወሩ መጨረሻ ውልህ አይታደስም ተባልኩ። ስትጠፋ ማን እንደሚያውቃት ይታይ ብዬ ነው። መልሼ አስቀምጣት ነበር።»

«ሌላ ሰው ሌባ ሲባል እዚያው በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል።»

ንቡ አሁን አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኛል። ግን አፌ እምቢ አለኝ። ለዚህ የምለው የለኝም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው አላውቀውም!» አሉ ዳይሬክተሩ።

ኢንስፔክተሯ ዞር አለች። «ዓርብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛዬ እምላለሁ ብለውኝ ነበር። መሐላዎም አንድ ሰው ሳይጠይቁ ነበር፤ ክህደትዎም አንድ ሰው ሳይጠይቁ ነው።»

ሳጅኑ እጁን ሊያስረው ሲል ንቡ «አንድ ጊዜ» አለ። «ወደ ቅዝቃዜው በአንዴ አትመልሷት። ዛሬ ጥላ ላይ ትዋል። ነገ መጀመሪያው ክፍል፣ ሁለት ቀን። ክዳኗን...» ዳይሬክተሩ ሲያመነቱ ቆዩና እስክሪብቶ ፈለጉ። የተያዘው ሰው እየተናገረ፣ ዳይሬክተሩ እየጻፉ ሁለት ገጽ ሞላ። አንድ ቦታ «ይድገሙልኝ» አሉት፤ ደገመላቸው።

*

ረቡዕ የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ እንዲለወጥ ተቋሙ እትዬ ዘንድ ደወለ። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ይቅርታ፣ በዋናው በር፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት። ዳይሬክተሩ ወጥተው ቆሙ። ክራባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ዓርብ በዚህ በር ላይ ሌባ ያልኩት ሰው ሌባ አይደለም» አሉ። «ሳላጣራ ተናግሬ አዋርጄዋለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ቁልፍ ሠሪው ድምፁ ወደመጣበት ፊቱን ሙሉ ለሙሉ አዞረ። «ተቀብያለሁ» አለ፤ ቀጥሎም «በሩን አሳዩኝ፤ ሥራ አለብኝ» አለ። እትዬ የመሣሪያ ሳጥኑን ቀድመው አነሱት። ሊቀማቸው ቢሞክርም አልሰጡትም።

ኢንስፔክተሯ የቀረ ፊርማ ልታስፈርም መጥታ ነበር። ቁልፍ ሠሪው በሩ ሥር ሲሠራ ከእትዬ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«ሰርቆ ቢገኝስ ኖሮ?» አለቻቸው።

«ያኔም አብሬው እመጣ ነበር። ሕግ የሚሰጠውን ይቀበላል፤ እኔም ምን ሳላይ እንደቀረሁ እጠየቃለሁ። ሲያስመሰግነኝ የኔ፣ ሲያሳፍረኝ የሰው ይሆናል እንዴ? ሌባም ቢሆን የኔ ሌባ ነበራ!»

ከኋላቸው አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ ሁለት ገጽ ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። ምን ያህል እንደሰሙ አይታወቅም።

«ኢንስፔክተር» አሉ፣ «እናንተ ጋ ያለ ሰው በስንት ሰዓት ነው የሚጠየቀው?»

«ቤተሰብ ከስድስት እስከ ሰባት።»

«አሠሪስ?»

«ይምጡ» አለች። «እኔ አስገባዎታለሁ።»

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ኮታቸውን ደርበው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ሹፌሩን አልጠሩትም።

ቁልፍ ሠሪው በሩን ዘጋ፤ ጆሮውን አስጠግቶ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ አዞረ።

«እትዬ፣ ጨርሻለሁ።»

እትዬ እንደ ልማዳቸው ሊሞክሩት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መለሱት።

«አንተ ካልክ አልቋል» አሉ።